ሱዳናዊው ርእሰ መምህርና የወሊሶው መድረክ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወሊሶ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ‹‹ጊዮን›› የሚል ስም ነበራት። በፍል ውኃዋ የምትታወቅ፣ ወደ ጅማ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት አርፎባት የሚሄድ ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገር ፍቅር ማኅበር ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ወርደው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ትርኢት አሳዩ። ከመጡት መካከል ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ ይገኙበታል። ከተመልካቾቹ መካከል ደግሞ በአያቱ ቤት የሚኖር ጥላሁን ገሠሠ የሚባል ተማሪ ነበር። ልጁ ከትርኢቱ በኋላ ኢዮኤል ዮሐንስን ቀርቦ አነጋገረው፤ ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው። ኢዮኤልም ሐሳቡ ይህ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት መለሰለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በካርቱም የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድምፁ በጀሬፍና በዴም ሻይ ቤቶች፣ በሰሓፋ ታክሲዎች ውስጥ ሲሰማ ኖሯልና። በታሪኩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፍ አንድ ሰው አለ። እርሳቸውም የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩት ሚስተር ሸዳድ ናቸው። የአገር ፍቅር ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት የልጁን የሙዚቃ ዝንባሌ ያስተዋሉት፣ ያበረታቱትና ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሙያውን እንዲከተል የመከሩት እርሳቸው ነበሩ። ሚስተር ሸዳድ የሱዳን ሰው ናቸው። በካርቱም ቢሆን ኖሮ ‹‹ኡስታዝ›› ተብለው ይጠሩ ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን በዚያ ዘመን ከውጭ የመጣ መምህር፣ ከሕንድም ይምጣ ከግብፅ፣ ማዕርጉ ‹‹ሚስተር›› ነበር።

የጥላሁን አያት በዚህ ምክር አልተስማሙም። የልጅ ልጃቸው ትምህርቱን ጠንክሮ እንዲይዝ ነበር የሚፈልጉት። ልጁ ቤተ ሰቡን ሳያስፈቅድ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ሲጀምር አያቱ ተከትለው ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበት። በዚያ ከአክስቱ ቤት አድሮ በማግሥቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ወሊሶ የቆየው ግን አንዲት ሌሊት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሙከራው በተጫነ የጭነት መኪና ውስጥ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባና በአገር ፍቅር ተቀጠረ።

ይህን ታሪክ ሲሰሙ አያቱን እንደ አላዋቂ፣ ርእሰ መምህሩን እንደ ነቢይ ማየት ይቀናል። እንዲህ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። አያት የሚያውቁትን ዓለም ይዘው ነው የተከራከሩት፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ተምሮ ጸሐፊ ወይም መምህር መሆን መከበር ነው፤ ዘፋኝ መሆን ግን ‹‹አዝማሪ›› ተብሎ በሰው ድግስ ደጃፍ መቆም ነው። የክርክሩ ሥር ያለው በቃሉ ውስጥ ስለሆነ በቃሉ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ‹‹ዘፋኝነት››ን የሚያገኘው ከሙዚቃ አዳራሽ በፊት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ውስጥ ከሥጋ ሥራዎች ጋር፣ ከስካር ጎን ተዘርዝሮ ይገኛል። የግሪኩ ቃል ስካር ያለበትን የሌሊት ፈንጠዝያ የሚያመለክት ነው። በሱዳን አብያተ ክርስቲያናት የሚነበበው የዐረብኛ ትርጉም በዚያው ቦታ ‹‹በጠር›› ይላል፤ ትርጉሙ መጥገብ፣ መታበይ፣ ልክን ማጣት ነው። ስለዚህ አንዱን ጥቅስ ሲያነቡ ካርቱም የተቀመጠው ክርስቲያን የጥጋብን ኃጢአት፣ ወሊሶ የተቀመጠው ደግሞ የዘፈንን ኃጢአት ያነባሉ። አንድ የትርጉም ምርጫ በስንት ልጆች ዕድል ላይ እንደ ፈረደ መገመት አያስቸግርም።

የሚገርመው ‹‹ዘፈነ›› በግዕዝ ዋና ትርጉሙ ጨፈረ፣ በእግሩ አሸበሸበ ማለት መሆኑ ነው፤ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት ‹‹ዘፈነች›› የሚለው ይህን ነው። ቃሉ በጥንቱ ዐረብኛም አለ። በሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጊድ መጥተው ሲጨፍሩ ነቢዩ ሙሐመድ ለዓኢሻ እንዳሳዩአት የሚናገር ሐዲስ ይገኛል፤ ለጭፈራው የገባው ግሥ ‹‹የዝፊኑን›› የሚል ነው። የሁለቱ አገሮች ሰዎች ስለ ዘፈን ሲከራከሩ አንድ ቃል ተካፍለው እንደሚከራከሩ ብዙውን ጊዜ አይታወሳቸውም። የዛሬው ሱዳናዊ ግን ዘፋኙን ‹‹ፈናን›› ይለዋል፤ ሠዓሊውም፣ ተዋናዩም፣ ድምፃዊውም በዚህ ቃል ይጠራሉ። አዝማሪ ከሚለው ቃል ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ሹመት ነው። ነገር ግን በሱዳንም ቢሆን ሹመቱ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኦምዱርማን ሠርግ ቤቶች የሚዘፍኑ ጎልማሶች ‹‹ሳይዕ›› ማለትም ሥራ ፈት፣ አውደልዳይ ይባሉ ነበር።

ትምህርት ቤትና ዜማ በኢትዮጵያ መቼ ተገናኙ የሚል ሰው መልሱን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት መጀመር የለበትም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከቅዱስ ያሬድ ዘመን የሚቆጠር የዜማ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ከንባብ ቀጥሎ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ድጓውን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ ያስመሰክራል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ አቋቋም ይማራል። አቋቋም ምንድን ነው? መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ በከበሮ ምት መቆምን፣ መወዝወዝን፣ ማሸብሸብን በሥርዓት መማር ነው። ይህን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚመረቅበትም ሰው ሊቅ ይባላል። እንግዲህ እንቅስቃሴንና ዜማን ለብዙ መቶ ዓመታት በትምህርት መልክ ሲያስተምር የኖረ አገር፣ ያው ጥበብ ከቤተ መቅደሱ አጥር ሲወጣ ልጅ የሚያበላሽ ነገር አድርጎ ማየቱ የታሪኩ አስቸጋሪ ገጽ ነው። በሱዳንም የኸልዋው ተማሪ ቁርኣኑን በዜማ ያጠናል፤ ዓርብ ዓርብ በኦምዱርማን በሼኽ ሐመድ አን-ኒል መቃብር ዘንድ የደርቪሾቹ ዚክር በከበሮ ይካሄድ ነበር፤ ‹‹ሐቂባ›› የተባለው የከተማ ዘፈንም ከነቢዩ ውዳሴ ከመዲሕ ዜማዎች ብዙ የተበደረ ነው። በሁለቱም አገሮች ዓለማዊው ዘፋኝ የመንፈሳዊው ልጅ ነው፤ በሁለቱም አባት ልጁን ክዶታል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር ሙዚቃው በአመዛኙ በናስ መሣሪያና በሰልፍ በኩል ገባ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1925 ተከፈቱ። በሁለቱ መካከል አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1924 ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ከ1915 እልቂት የተረፉ ልጆች በናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ፤ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ‹‹አርባ ልጆች›› የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ አወጣ፤ ያ ዜማ በ1930 በዘውድ በዓሉ ተሰምቶ እስከ ዘውዱ ውድቀት አገለገለ። ወላጆቻቸውን በግድያ ያጡ ተማሪዎች የሌላ አገር መዝሙር የመጀመሪያ ተጫዋቾች ሆኑ ማለት ነው። የአርባ ልጆች ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃው።

ከሰልፉ ይልቅ ወደ መድረኩ የሚወስደው መንገድ በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በኩል ያልፋል። ዮፍታሔ የጎጃም፣ የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የቅኔ ሊቅ ነበሩ። አዲስ አበባ መጥተው መምህር ሲሆኑ ከቅኔ ቤት የያዙትን ዕውቀት ጥለው አልገቡም፤ ተውኔትና መዝሙር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን አሠለጠኑባቸው። የዚያ ዘመን የትምህርት ቤት ተውኔት ዛሬ ለሚያየው ስብከት ይበዛበታል፤ ስንፍና ይወቀሳል፣ አንድነት ይወደሳል፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድነት ይዘምራል። ነገር ግን የአሥራ ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በመሳፍንትና በሹማምንት ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገርና እንዲዘምር መፍቀድ፣ ዝምታ ጨዋነት በሆነበት አገር ቀላል ለውጥ አልነበረም።

የጣልያን ወረራ ሲመጣ ዮፍታሔ የተሰደዱት ወደ ሱዳን ነው። እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጋላባት፣ በገዳሪፍና በካርቱም የስደት ኑሮ ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ሐምሌ 1940 መጀመሪያ ላይ ካርቱም ገቡ፤ ከከተማዋ በስተደቡብ በሶባ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በጥር 1941 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። ዮፍታሔም በነጻነት አገራቸው ገብተው በ1947 አረፉ። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ መምህራን በብዛት ያስፈለጓት፣ የራሷ የተማሩ ልጆች በወረራው ዘመን ያለቁባት አገር ነበረች። ስለዚህ ከውጭ ቀጠረች። በወሊሶ አንድ ሱዳናዊ ርእሰ መምህር መገኘቱ ከዚህ ቁስል ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ የሱዳን መምህር በ1950ዎቹ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት አይቶ አድጓል? ይህን ለመመለስ የካርቱምን ታሪክ ማየት ይበቃል። የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ተከፈተ፤ ዓላማው ለእንግሊዝ አስተዳደር ጸሐፊና ቴክኒሻን ማውጣት ነበር። ከዚያ ከወጡት አንዱ ግን ኸሊል ፈራሕ ነው። ቀን በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ማታ ግጥም ይደርሳል፣ ይዘፍናል። በ1924 የነጩ ባንዲራ ማኅበር በእንግሊዝ ላይ ሲነሣ፣ በሴት ስም አገርን የሚጠራው ዘፈን የእርሱ ነበር። ኸሊል በ1932 በወጣትነቱ ሞተ፤ በእርሱ ዘመን ግን ‹‹ሳይዕ›› የሚለው ስድብ ከተማረ ሰው ላይ መራገፍ ጀምሮ ነበር። ኮሌጁን የጨረሱ ወጣቶች በ1918 በኦምዱርማን የተመራቂዎች ክበብ ሲያቋቁሙ ክበቡ የፖለቲካ መነጋገሪያ ብቻ አልሆነም፤ ተውኔት ይታይበት፣ ገቢውም ለትምህርት ይሰበሰብበት ነበር።

ሌላው ምሰሶ ባኽት አር-ሩዳ ነው። በነጭ ዓባይ ዳር፣ በአድ-ዱዌም አጠገብ በ1934 የተመሠረተው ይህ የመምህራን ማሠልጠኛ የሱዳንን ትምህርት ቤት መልክ ቀርጾታል። ግሪፊትስ የተባለው እንግሊዛዊና እንደ ዐብዱርረሕማን ዐሊ ጣሃ ያሉ ሱዳናውያን መምህራን ያቋቋሙት ሥርዓት የገጠር ልጅ በመሸምደድ ብቻ ሳይሆን በሥራ፣ በእርሻ፣ በተውኔት እንዲማር የሚሻ ነበር። ከዚያ የሚወጣ መምህር ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ‹‹ጀምዕያ አደቢያ›› የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ይዞ ይሄዳል። በሳምንት አንድ ማታ ወንበሮቹ በግቢው ይደረደራሉ፤ ፋኖስ ይበራል፤ አንዱ ግጥም ያነባል፣ ሌላው ያላግጣል፣ ሦስተኛው ይዘፍናል። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የዚህ ምሽት ዋና ባለቤት ነበር። በሱዳን በዕድሜ የገፋ የተማረ ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ከፈተናው ውጤት በፊት ስለዚህ ምሽት ያወራል።

ሞሐመድ ወርዲ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። በ1932 በሰሜን ሱዳን በኑብያዊቷ ሰዋርዳ ተወለደ፤ መምህርነት ተምሮ በትውልድ አካባቢው አስተማረ፤ ጠምቡሩን እየመታ ይዘፍን ነበር። ጠምቡር ከክራር ጋር አንድ ዘር ነው፤ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝቱም ወሎና ጎንደር ለኖረ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ወርዲ በ1957 በኦምዱርማን ሬዲዮ ሲሰማ የመንግሥት መምህር ነበር። ጠመኔውን አስቀምጦ ሙሉ በሙሉ ዘፋኝ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በሱዳን አንድ መምህር ዘፋኝ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አንድ ሱዳናዊ ርእሰ መምህር ተማሪውን ዘፋኝ እንዲሆን መከረ። ሚስተር ሸዳድ ከባኽት አር-ሩዳ ወጡ ማለት አይደለም። የመጡበት አገር ግን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚዘፍን ልጅ የተበላሸ ልጅ ተብሎ የማይቆጠርባት አገር መሆን ጀምራ ነበር። አያት ያላዩትን ርእሰ መምህሩ ያዩት ከዚህ የተነሣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚያ ወዲህ ጥላሁን ከአገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ፤ በታኅሣሥ 1960 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግሥት ከክብር ዘበኛ ባልደረቦቹ ጋር እስር ቀመሰ፤ በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ሠራ። በ1996 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። አያት የፈለጉት የትምህርት ማዕርግ በዘፈን መንገድ ዞሮ መጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ነገር ግን የትምህርት ቤት መድረክ ባለቤት ሲያገኝ ነጻነቱን እንደሚያጣ የሁለቱም አገሮች ቀጣይ ዘመን ያሳያል። በኢትዮጵያ ከ1974 አብዮት በኋላ ‹‹ኪነት›› የሚለው ቃል በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ ገባ። በወሎ ላሊበላ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ የተባሉ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ማሪቱ ለገሠ ከላሊበላ ኪነት የወጣች ድምፃዊት ናት። ልጆች ማሲንቆና ክራር በእጃቸው ያዙ፤ የወላይታውን፣ የጉራጌውን፣ የትግራዩን ጭፈራ አንድ ላይ ተማሩ። ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ የዚያን ዘመን ሌላ በደል የሚያውቁ ሰዎች እንኳ አይክዱትም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነበር። ልጁ የሚዘፍነው የተሰጠውን ነው፤ መድረኩ ላይ የሚወጣው ሊቀ መንበሩን ለማወደስ፣ ዘማቹን ለመሸኘት ነው። እነዚያው ልጆች ዕድሜያቸው ሲደርስ ራሳቸው ወደ ጦር ግንባር ይላኩ ነበር። ከዚያ ለመሸሽ በመተማ አድርገው ወደ ገዳሪፍና ወደ ካርቱም ከተሻገሩት ወጣቶች መካከል በኪነት ቡድን ከበሮ መምታት የተማሩ ነበሩበት። አንዳንዶቹ በካርቱም ሠርግና ክርስትና ላይ የሙዚቃ ሰው የሆኑት በዚያ ሥልጠና ነው።

በሱዳን ደግሞ በኒሜሪ ዘመን ‹‹ደውራ መድረሲያ›› የተባለው አገር አቀፍ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተጀመረ። ስፖርት ዋናው ቢመስልም ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ተውኔትና ግጥም አብረውት ይወዳደሩ ነበር። ከኑባ ተራሮች የመጡ ልጆች ቀንድ ደፍተው ከምበላ ይጨፍራሉ፤ የኮርዶፋኖቹ ጀራሪና መርዱም ያሳያሉ፤ የሰሜኖቹ በጠምቡር ዳሊብ ይመታሉ። አንድ የካርቱም ተማሪ የአገሩን ስፋት በካርታ ሳይሆን በእግር አጣጣል የሚማርበት አጋጣሚ ይህ ነበር። በኅዳር 2010 ውድድሩ በደቡብ፣ በዋው ከተማ እንዲካሄድ ተሰናድቶ ሳለ የካርቱም መንግሥት በጸጥታ ምክንያት አስቆመው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2011፣ ደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ በሐምሌ ነጻ አገር ሆነች። የአንዲቱ ሱዳን ልጆች በአንድ መድረክ በደቡብ ምድር ሊጨፍሩበት የነበረው የመጨረሻ ዕድል በዚህ ሁኔታ አለፈ። መንግሥታት የልጆችን ጭፈራ ለአንድነት ምልክት ሲጠሩት ይወዳሉ፤ አንድነቱ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚሰረዘውም ያው ጭፈራ ነው።

የካርቱም መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕጣም ከዚህ ጋር ሊነገር ይገባል። በ1970 ሱዳን የትምህርት መሰላሏን 6፣ 3፣ 3 አድርጋ ነበር፤ መካከለኛው ሦስት ዓመት የራሱ ግቢ፣ የራሱ መምህራን፣ የራሱ ምሽት ነበረው። በ1989 ሥልጣን የያዘው መንግሥት በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሰላሉን 8 እና 3 አደረገው። መካከለኛው ደረጃ ጠፋ። የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር በአንድ ግቢ ዋለ፤ ድምፁ የሚጎረንንበት፣ ራሱን የሚፈልግበት ዕድሜ የራሱን ቤት አጣ። በዚያው ዘመን በአደባባይ ሙዚቃ ላይ የነበረው ጫና የከበደ ነበር። በኅዳር 1994 ዘፋኙ ኾጀሊ ዑስማን በኦምዱርማን በሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በጩቤ ተገደለ። ወርዲ ከ1989 ጀምሮ በስደት ነበር፤ በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ዝግጅት ተቀድቶ በሁለቱም አገሮች ተሰራጨ፤ ወደ ካርቱም የተመለሰው በ2002 ነው። በ1996 የወጣው የካርቱም የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወንድና ሴት አብረው መጨፈርን ከለከለ፤ የሐበሻ ሠርግ ያዘጋጀ ሰው ሁሉ የዚያን ሕግ ጥላ ያስታውሳል። አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ማለዳ ከቤት ቤት ሲዞሩ ከበሮውን ዝቅ አድርጎ መምታት የተለመደው በዚያ ጊዜ ነው። ሕጉ የተሻረው በኅዳር 2019፣ ኦማር አል-በሽር ከወደቁ በኋላ ነበር። ከዚያም መካከለኛው ደረጃ እንዲመለስ ተወሰነ።

ኢትዮጵያም በመሰላሉ ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። 7ኛና 8ኛ ክፍል በ1960ዎቹ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተብለው ነበር፤ የ1994 የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ቀላቀላቸው፤ በቅርቡ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ እንደ ገና ተለይተዋል። በአዲሱ መጽሐፍ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ተውኔትና ሥዕል ‹‹ክወናና ዕይታ ጥበባት›› በሚል አንድ ስም ተጠቃለዋል። ስሙ ለአፍ ከበድ ይላል፤ ሐሳቡ ግን መልካም ነው። ሆኖም በዚህ ትምህርት የሠለጠነ መምህር ጥቂት ስለሆነ በብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት መምህር ማሟያ ይሰጣል፤ ክራር ሳይነካ ስለ ክራር የሚነበብበት ክፍልም አለ። እውነተኛው የጥበብ ትምህርት እንደ ድሮው ከክፍል ውጭ፣ በሚኒ ሚድያ ክበብና በወላጆች ቀን ይካሄዳል። የወላጆች ቀን የትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፤ እናቶች የአገር ልብስ ለልጆቻቸው ይዋሳሉ፤ ድምፅ ማጉያው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ሽልማት የሚያገኘው አንደኛ የወጣው ነው፤ ጭብጨባ የሚያገኘው ግን እስክስታ የወረደው ነው። በካርቱም የተወለዱ የሐበሻ ልጆች አማርኛን በቤት ውስጥ ብቻ ሲሰሙ ኖረው፣ አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ቆመው የዘፈኑበት ቀን ቋንቋው የራሳቸው ይሆናል። ይህን ያዩ ወላጆች ለልምምዱ ያወጡት ገንዘብና ጊዜ አይቆጫቸውም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዩኒሴፍ በሱዳን 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን ገለጠ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ሆኑ፤ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ፍራሽ ተዘረጋ፤ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ይካሄድበት በነበረው ግቢ ምግብ ተቀቀለ። የኦምዱርማን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ፣ የሐቂባው ዘመን ሸክላዎችና የወርዲ የመጀመሪያ ቅጂዎች የሚገኙበት ቤት፣ እስከ መጋቢት 2024 ድረስ በተዋጊዎች እጅ ነበር። የብሔራዊ ቤተ መዘክሩም ተዘረፈ።

መንገዱም ተገለበጠ። በ1936 ኢትዮጵያውያን፣ ከ1974 በኋላም ሌሎች ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረው ነበር፤ በ2023 ሱዳናውያን በዚያው በጋላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከሰፈሩት መካከል በካርቱም የሚያስተምሩ ሰዎች፣ ኡስታዞች፣ ነበሩ። በ2024 ከጸጥታው ችግር የተነሣ ብዙዎች እነዚያን መጠለያዎች ለቀው ወጡ። አዲስ አበባ የደረሱትም ልጆቻቸውን ለማስተማር የተቸገሩ፣ የሱዳንን ፈተና የሚያስፈትን ግቢ የሚፈልጉ ወላጆች ናቸው።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 19 ቀን 2009 በአዲስ አበባ ዐረፈ፤ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። ሞሐመድ ወርዲ በየካቲት 2012 በካርቱም ሞተ። የጥላሁን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ሲጻፍ ለሱዳናዊው ርእሰ መምህር የሚደርሳቸው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስማቸው በማዕርግና በአንድ ቃል፣ ‹‹ሚስተር ሸዳድ›› ተብሎ ይጠራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ወዲያው ልጁ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ መንገድ ይጀምራል።